በሩ ለማን ነው የሚከፈተው? ስለ አገልጋዮች ሀብት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባለጠጋ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ ሐዋሳ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው በአንድ ትልቅ አገልግሎት ውስጥ በአስተባባሪነት እንደሚሠሩ ገልጸዋል። ስማቸውን አላነሳም። ጉዳዬ ከሐሳቡ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም።

ጽሑፉን ላላያችሁት ፍሬ ነገሩ ይኸው። አገልጋይ ውድ መኪና ቢነዳ፣ ቪላ ቢሠራ፣ በጋርድ ቢታጀብ የበረከት ምልክት ነው። የሚተቹት ቀናተኞች ናቸው። አብርሃምም ሰሎሞንም ሀብታሞች ነበሩ። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል። ሰጪው ወዶና ፈቅዶ ሰጥቷል። ሺዎችን የሚያገለግል ሰው ለእያንዳንዱ በሩን ሊከፍት አይችልም። ድሀ አገልጋይ ወጣቱን አይስብም። በመጨረሻም፣ የተቀባውን አትንኩ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ላስቀምጥ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። ያደግሁትም የማመልከውም እዚሁ ሐዋሳ ነው። አገልጋይ መቸገር አለበት ብዬ አላምንም። እንዲያውም በየገጠሩ ደመወዝ ሳይደርሰው ወር ከወር የሚያልፍበት ወንጌላዊ ብዙ ነው። ያ ነውር የእኛ የምእመናኑ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? ማን ቆጠረው? ገንዘቡን የሰጠችው ሴት ደግሞ ቀን ሲጎድልባት ያንን አገልጋይ ማግኘት ትችላለች ወይ?

ስለ ቅናት ብዙ አልልም። ቀናተኛ ሰው በየትም ቦታ አይጠፋም። ነገር ግን የጠያቂው ልብ ክፉ ነው ብሎ ጥያቄውን መጣል የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ሲሸመግል ሕዝቡን ሰብስቦ ያለውን እናስታውስ። «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?» ብሎ ራሱን ለምርመራ አቀረበ (1ኛ ሳሙኤል 12፥3)። ያን ዕለት ማንም አልከሰሰውም። ሕዝቡም ከማንም እጅ ምንም አልወሰድህም ብሎ መሰከረለት። ሳሙኤል ጥያቄውን ራሱ ጀመረው። ቀናችሁብኝ ማለት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ አብርሃም። ጸሐፊው ዋና ምሰሶ ያደረጉት እሱን ነው። እውነት ነው፣ አብርሃም በከብት፣ በብርና በወርቅ እጅግ ባለጠጋ ነበር (ዘፍጥረት 13፥2)። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የአብርሃም ሀብት በዋናነት መንጋው ነበር። በምእመናን መባ አልከበረም። እንዲያውም ስለ አስራት በመጀመሪያ የምናነበው እሱ ለካህኑ ለመልከ ጼዴቅ ሲሰጥ ነው (ዘፍጥረት 14)። በዚያው ምዕራፍ የሰዶም ንጉሥ ከብቱን ሁሉ ለአንተ ውሰድ ብሎት ነበር። አብርሃም እምቢ አለ። ፈትልም ቢሆን የጫማ ማዘቢያም ቢሆን አልወስድም አለ። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ አብራምን ባለጠጋ ያደረግሁት እኔ ነኝ እንዳትል ነው።

ጸሐፊው ያልደረሱበት ሌላ ምዕራፍም አለ። ዘፍጥረት 18 ላይ ያ ባለጠጋ የት ነው የተቀመጠው? በቀትር ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ። ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች ሲያይ ምን አደረገ? ሮጦ ተቀበላቸው። ቀጠሮ ነበራችሁ ወይ አላለም። ውሃ አስመጣ፣ ሣራ ዱቄት አቦካች፣ ጥጃ ታረደ። የአብርሃምን ሀብት የሚጠቅስ ሰው የአብርሃምን ደጃፍም አብሮ መጥቀስ አለበት።

ሰሎሞንም እንደዚያው። በዘመኑ መጀመሪያ፣ ጥበቡ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሁለት ጋለሞታዎች ፊቱ ቆመው ስለ ሕፃን ተከራክረዋል። በከተማው ከሁሉ የተናቁ ሴቶች ንጉሡ ዙፋን ድረስ ደርሰዋል። በኋላ ወርቁ ሲበዛ ምን ሆነ? እሱ ሲሞት ሕዝቡ ለልጁ ያቀረበው አቤቱታ «አባትህ ቀንበር አክብዶብን ነበር» የሚል ነው (1ኛ ነገሥት 12፥4)። ዘዳግም 17 ደግሞ ንጉሥ ብርና ወርቅ ለራሱ እጅግ እንዳያበዛ ቀድሞ ከልክሎ ነበር። ሰሎሞንን ለምሳሌነት ካነሳነው እስከ መጨረሻው እናንብበው።

ደመወዝን በተመለከተ እስማማለሁ። ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጓል፤ ጳውሎስ ጽፎታል (1ኛ ቆሮንቶስ 9፥14)። ጸሐፊው እዚህ ቁጥር ላይ አቁመዋል። ቀጣዩ ቁጥር ግን «እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ምንም አልተጠቀምሁም» ይላል። መብቱን ያወቀ ሰው ነው መብቱን የተወው።

ደግሞም ደመወዝ ልክ አለው። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በኮንፈረንስ ማግስት በግል ሒሳብ የሚገባ፣ ስንት እንደሆነ ሽማግሌዎቹ እንኳ የማያውቁት ገንዘብ ከዚህ ጥቅስ ጋር አይገናኝም። ሐኪሙና ነጋዴው ሲበለጽጉ ማን ይጠይቃል ይላሉ ጸሐፊው። ሐኪሙ በደረሰኝ ያስከፍላል። ነጋዴው ግብር አለበት፤ ዕቃው ካልጣመን ሌላ ሱቅ እንሄዳለን። አንዳቸውም ካልሰጠሽኝ በረከትሽ ይዘጋል አይሉም።

ጸሐፊው የውጭ አገልጋዮችን ስም ስለጠሩ እኔም አንድ ልጥራ። አሜሪካዊው ሰባኪ ቢሊ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1950 በአትላንታ ከተማ ተከታታይ ስብሰባ አድርገው ሲጨርሱ በጋዜጣ ሁለት ፎቶ ወጣ። በአንደኛው አስተናጋጆች መባ የሞላባቸውን ከረጢቶች ይዘዋል። በሌላኛው ሰባኪው ፈገግ ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ገንዘቡ አልተሰረቀም። በጊዜው ልማድ ለሰባኪው የሚሰጥ የፍቅር ስጦታ ነበር። እሳቸው ግን ፎቶውን አይተው አልተከራከሩም፣ ጋዜጣውንም አልረገሙም። ስጦታ መቀበሉን ትተው በድርጅታቸው በኩል ቋሚ ደመወዝ ወደ መቀበል ተሻገሩ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ሰውየው ንጹሕ ሆነው ሳለ ለሰው ዓይን መጠንቀቃቸውን ነው። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን አለ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ጻፈ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)።

«ሰጪው ወዶ ሰጥቷል፤ ተቀባዩ ምን አደረገበት የሚለው አይመለከታችሁም» የሚለው ነጥብ ላይ ግን ረጋ ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ። ያ ገንዘብ በእጄ ያለፈ ስለሆነ ነው።

በአጥቢያዬ መባ ከሚቆጥሩት አንዱ ነኝ። እሁድ ፕሮግራም ሲያልቅ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ይገለበጣል። ሁለት መቶው ለብቻ፣ መቶው ለብቻ፣ ሃምሳው፣ አሥሩ። ከሁሉም የሚቆየን ትንንሹ ነው። አምስት ብር አራት ቦታ ታጥፎ፣ በላብ ርሶ፣ ከመቀነት ወጥቶ ይመጣል። መዘርጋትና ማስተካከል ያስፈልገዋል። በእርሳስ «አስራት» ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ ስንከፍት አንዳንዴ ሁለት ኖት ብቻ ይወጣል። ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ ሁላችንም እንፈርማለን። ሰኞ ባንክ ይገባል። ፓስተራችን እዚያ ክፍል አይገቡም። ደንብ ነው፤ ደንቡንም ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

እነዚያ የታጠፉ ብሮች የማን እንደሆኑ እናውቃለን። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌላውም አካባቢ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማችን ጎረፉ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት የፓርኩ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው፣ ሽሮ በጋራ አብስለው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ከ26 ዶላር አስራት ስታወጣ 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ስትታገድ ደግሞ ሥራ ያጡ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ወደው መስጠታቸውን አልክድም። አንዳንዶቹ ሲሰጡ ፊታቸው ይበራል። ለዚህ ነው ተቀባዩ በዚያ ገንዘብ የሚያደርገው ነገር የሚመለከተን። የነሱን አምስት ብር ማን ምን ላይ አዋለው ብሎ መጠየቅ ልጆቹን ማክበር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ሰጪው ስለፈቀደ ብቻ ተቀባዩን ነጻ አያወጣም። የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ ለነቢዩ ኤልሳዕ ስጦታ አቀረበ። ወዶ ነው፤ እንዲቀበለውም ግድ ብሎት ነበር። ኤልሳዕ አልቀበልም አለ። አገልጋዩ ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ፣ የጌታውን ስም ጠርቶ፣ ታሪክ ፈጥሮ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ንዕማን በደስታ ሰጠው። የለመነውን ብር እንኳ እጥፍ አደረገለት። የንዕማን ለምጽ ግን በግያዝ ላይ ተጣበቀ። የተፈወሰ ሰው እጁ ክፍት ነው። የታመመ ልጅ ያላት እናትም እጇ ክፍት ነው። በዚያ ሰዓት «ዘር ዝሪ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃት ሰው ፈቃዷን እየጠየቀ አይደለም።

መድረክ ላይ በስክሪን የሚለጠፈውን የቴሌብር ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ልብ ብላችሁ እዩ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ነው ወይስ በአገልጋዩ ስም? በግለሰብ ስም ከሆነ ገንዘቡ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ኦዲተር ቢመጣም አያገኘውም።

ጸሐፊው የግል አውሮፕላን ያላቸውን የአሜሪካ አገልጋዮች እንደ እምነት አርአያ አንስተዋል። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ክሬፍሎ ዶላር የተባሉት ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ2015 ለ65 ሚሊዮን ዶላር አውሮፕላን 200,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው 300 ዶላር እንዲሰጡ ጠይቀው ነበር። በ2022 እኚሁ ሰው ስለ አስራት ያስተማሩት ትክክል እንዳልነበረ በራሳቸው መድረክ ተናገሩ። ቤኒ ሂንም በ2019 የብልጽግና ትምህርታቸውንና በገንዘብ ልክ በረከት ተስፋ መስጠታቸውን እንደሚተዉ በይፋ ገልጸዋል። ቃላቸውን ምን ያህል ጠበቁት የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን ትምህርቱን ያስፋፉት ሰዎች ራሳቸው ያፈሩበትን ነገር እኛ ሐዋሳ ላይ እንደ አዲስ ግኝት የምንቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ክፍል ነው።

ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። ሙሴ ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ሊያስተናግድ ስላልቻለ አማቱ ዮቶር አለቆች እንዲሾም መከረው። ሐዋርያትም ማዕድ ማገልገሉን ለሌሎች ሰጡ። ኢየሱስም ከሕዝቡ ፈቀቅ ይል ነበር። ስለዚህ ጋርድ፣ ፕሮቶኮልና ልዩ መግቢያ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ናቸው።

የዮቶርን ምክር መልሰን እናንብበው። ዮቶር የደነገጠው ሕዝቡ ከጥዋት እስከ ማታ ቆሞ ሲጠብቅ ስላየ ነው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ ይኑር አለ። ሕዝቡ ቶሎ ተሰምቶ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነው። የተሾሙትም እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ እንዲሆኑ ተባለ (ዘጸአት 18፥21)። ወረፋውን የሚያሳጥር ሰው ተሾመ። በሐዋርያት ሥራ 6ም ሰባቱ የተመረጡት መበለቶች ስለተረሱ ነው። በሁለቱም ቦታ ሥርዓቱ የተሠራው ለተረሳው ሰው ነው።

ኢየሱስ ፈቀቅ ይል ነበር፤ ይጸልይ ነበር። ግን ደቀ መዛሙርቱ እንደ ፕሮቶኮል ሆነው ሕፃናትን ሲከለክሉ ምን አለ? ማርቆስ እንደጻፈው ተቆጣ። ኢያሪኮ መውጫ ላይ ብዙዎች በርጠሜዎስን ዝም በል ሲሉት እሱ ቆመና ጥሩት አለ። ከሕዝቡ ተለየ የምንለው ያ ሰው ለዓይነ ስውር ለማኝ መንገድ ላይ ቆሟል።

እኛስ ጋ? የማውቃት አንዲት እናት አለች። ከይርጋለም ወዲያ ነው ቤቷ። ልጇ ታሞባት፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ስሙን በቴሌቪዥን የሰማችውን አገልጋይ ፍለጋ ሐዋሳ መጣች። መናኸሪያ ወርዳ በባጃጅ ግቢው ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ያለው ወጣት የአጋርነት ካርድ አለሽ ወይ አላት። አጋር ማለት በየወሩ የሚሰጥ ሰው ነው። እሷ ካርድ የላትም፤ መባ ግን ይዛ መጥታ ነበር። መባውን ተቀብሏት እዚያ ጥላው ሥር ጠብቂ አላት። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። መስታወታቸው የጠቆረ መኪኖች ተከታትለው ወጡ። ለመጸለይ ቀርቶ ሰላም ለማለት የወረደ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ወንበሩን አስገብቶ ለዛሬ አልቋል አላት። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት። ስትነግረኝ አገልጋዩን አልወቀሰችም። ምናልባት እምነቴ አንሶ ይሆናል አለችኝ። እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ቃል ነው። ገንዘቧንም ቀኗንም ሰጥታ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች።

የዚያኑ ሰሞን እዚህ ሐይቅ ዳር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ኮንፈረንስ ነበር። የፊት ወንበሮች «ቪአይፒ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ይህንኑ ነው የገለጸው። የወርቅ ቀለበት ያለው ሰው በመልካም ስፍራ ተቀመጥ ይባላል፤ ድሀው ወደዚያ ቁም ይባላል። ያዕቆብ ይህን የሰው ፊት አይቶ ማድላት ብሎታል።

ጥበቃ አያስፈልግም አልልም። ዘመኑ ክፉ ነው። የተዛተበት አገልጋይ ካለ ይጠበቅ። ሺዎች ያሉት ሰው ለሁሉም በግሉ መድረስ እንደማይችልም አውቃለሁ። ግን የአሥር አለቃው የታለ? ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼን አያለሁ። የንስሐ አባት አላቸው። ሰውየው ቤቱን ያውቃሉ፣ ልጆቹን በስም ይጠራሉ፣ ሰው ሲታመም ጠበል ይዘው ይመጣሉ። በሥርዓት ብንለያይም በዚህ እቀናባቸዋለሁ። እኛም ይህ አልነበረንም አይባልም። በደርግ ጊዜ ብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሲዘጉ ምእመኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰባስቦ ነው የተረፈው። ያን ጊዜ መሪ የሚባለው ጎንህ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ነበር።

«ድሀ አገልጋይ ወጣቱን አይስብም» ለሚለው ታሪካችን መልስ ይሰጣል። እንዲያውም መልሱ ያለው ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ወላይታ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ሚሲዮናውያኑ ሶዶን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት የወላይታ አማኞች 48 ነበሩ። መሪዎቹ እንደ ዋንዳሮ ያሉ፣ የታሰሩና የተገረፉ ገበሬዎች ነበሩ። መኪና አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ ጫማም አልነበራቸውም። ጣሊያን ወጥቶ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10,000 ተጠግተው ነበር። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ዘመቱ። እኛ ዛሬ ኮንፈረንስ የምናደርግበት እምነት በእግር የመጣ ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳም አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከደርግ እንዲያመልጡ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ታሰሩ። ስለ መሪ ተደራሽነት ስናወራ እኔ የማስበው እሳቸውን ነው። ሞት እየመጣ ሳለ እንኳ ምእመኑ የሚያገኛቸው ቦታ ቆዩ።

የቀረው «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው ነው። መዝሙር 105ን ከፍ ብላችሁ አንብቡት። እዚያ የተቀቡት የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው። በቁጥር ጥቂት፣ በባዕድ አገር የሚንከራተቱ ስደተኞች ነበሩ። የተገሠጹት ነገሥታት ናቸው፤ እንዳይጎዷቸው ተከለከሉ። ቃሉ አቅም የሌለውን ከአቅመኛ ይጠብቃል። አስራት የምታወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ባለ ጋርዱን አገልጋይ ሒሳብ እንዳትጠይቅ የተጻፈ አይደለም።

ጸሐፊው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19ንም ጠቅሰዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክር በቀር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል ይላል። ልክ ነው። እኔም በሐሜት ሰው እንዲሰቀል አልፈልግም። ሲዳማም «አፊኒ» በሚለው ባህላዊ የምክክር ሥርዓቱ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ እንጂ በጥድፊያ አይፈርድም። ነገር ግን ቁጥር 20 ይቀጥላል፤ ሌሎቹ እንዲፈሩ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። ክስ እንዲሰማ ደግሞ የሚሰማ አካል ያስፈልጋል። ቦርዱ በሚስት፣ በወንድምና በአማች የተሞላ ከሆነ ምስክሩ ወዴት ይሂድ? በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ለዘመናት የተመኘነው ነገር ነው። መብት ሲመጣ ተጠያቂነትም አብሮ ይመጣል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት ታዲያ ምን እንድናደርግ ትፈልጋላችሁ ብለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቀጥታ ልመልስ። የመባ ሒሳብ በቤተ ክርስቲያን ስም ብቻ ይሁን። የአገልጋዩን ደመወዝና የቤት አበል እሱ በሌለበት ሽማግሌዎች ይወስኑ፤ ቤተሰቡን በሚያኖር ልክ ይሁን፣ ስስትም አያስፈልግም። በኮንፈረንስ የሚሰጠው ስጦታ ይመዝገብ። በዓመት አንዴ የውጭ ኦዲተር ይግባ፣ ሪፖርቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ፣ እጁን ያነሳ ሁሉ ይጠይቅ። የአጋርነት ካርድ ለጸሎት መግቢያ መሆኑ ዛሬውኑ ይቅር። በሳምንት ግማሽ ቀን፣ ካርድም ቀጠሮም የሌለው ሰው የሚገባበት ሰዓት ይኑር። አገልጋዩ ካልቻለ የታመነ ሰው ይቀመጥ፤ የመጣውን ሰው ግን ስሙን ጠይቆ ይስማው። ከዚህ አብዛኛውን በዚህችው ከተማ ያለ ጩኸት የሚያደርጉ አጥቢያዎች አሉ። ፓስተሮቻቸው አልተራቡም፤ የአገልግሎት ክብራቸውም አልቀነሰም።

እርስዎ አስተባባሪ ነዎት። የሚሠሩበት አገልግሎት ያለፈው ዓመት የኦዲት ሪፖርት ካለው ያውጡት። አነበዋለሁ። ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁትም ይህንኑ በአደባባይ እጽፋለሁ።